ጥገኛ ተርቦችን ለይቶ ስለ መመዝገብ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው እትም ስለ በቆሎ ተባዮች ባወጣነው ጽሑፍ፣ ተባዮቹን ከውስጥ እየበሉ የሚገድሉ ጥቃቅን ተርቦች መኖራቸውን በአንድ አንቀጽ ጠቅሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ እነዚህ ተርቦች ስምና በአገራችን የነፍሳት መዝገብ ውስጥ ስለሚገቡበት መንገድ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዛሬውን አምድ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ሰጥተነዋል። የተለየ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በምዕራብ ጎጃም የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። በነሐሴ የተጎዳ የበቆሎ አገዳ ሰንጥቄ አንድ የሞተ ትል አገኘሁ፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ነገሮች በላዩ ተከማችተው ነበር። በብልቃጥ ከድኜ ባስቀምጣቸው ከጥቂት ቀናት በኋላ ትንንሽ ጥቁር ተርቦች ወጡ። የሥራ ባልደረባዬ «ይህ ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለው ነው» ብሎኛል። ይህንኑ ስም ጽፌ ለወረዳው ሪፖርት ላደርግ እችላለሁ?

በመጀመሪያ፣ ያገኙትን ከመጣል ይልቅ በብልቃጥ አስቀምጠው መጠበቅዎ ትልቅ ሥራ ነው፤ ስለ እነዚህ ተርቦች ከሚታወቀው አብዛኛው የተገኘው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ነው።

ያዩት ነገር እንዲህ ይሆናል። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆነው እናት ተርብ ትሉ በሰረሰረው ቀዳዳ ገብታ ሰውነቱን ትወጋውና በአንድ ጊዜ በርካታ እንቁላሎች ትጥልበታለች። ከእንቁላሎቹ ጋርም የትሉን የመከላከል ኃይል የሚያዳክም ቫይረስ ታስገባለች፤ ይህ ቫይረስ በተርቧ የራሷ ዘረመል ውስጥ የሰፈረና ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ነው። ከእንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት እጮች ትሉን ከውስጥ እየተመገቡ ያድጋሉ፤ ከዚያም ቆዳውን በስተው ይወጡና እያንዳንዳቸው ነጭ የሐር ሽፋን ፈትለው በውስጡ ሙሽሬ (ከእጭ ወደ ተርብ የሚለወጡበት ደረጃ) ይሆናሉ። እርስዎ ያዩዋቸው ነጫጭ ነገሮች እነዚህ ሽፋኖች ናቸው። አርሶ አደሮቹ የተባይ እንቁላል መስሏቸው እንዳይደመስሷቸው አስቀድሞ ማሳየት ይገባል።

ተርቡ ኮቴሲያ ከተባለው ወገን መሆኑ በጣም የሚያስኬድ ግምት ነው። የዝርያው ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን ከአገዳ ቆርቁር ትሎች የሚወጡ፣ በዓይን ሊለዩ የማይችሉ ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎች አሉ። አንደኛው ኮቴሲያ ሴሳሚዬ ሲሆን የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ሁለተኛው ኮቴሲያ ፍላቪፔስ ከእስያ የመጣ ነው፤ ከእስያ ገብቶ በምሥራቅ አፍሪካ የተስፋፋውን ኪሎ ፓርቴሉስ የተባለ አገዳ ቆርቁር እንዲቆጣጠር ከፓኪስታን ወደ ኬንያ መጥቶ በ1993 በባሕር ጠረፉ አካባቢ ተለቋል። በኢትዮጵያ ማንም አልለቀቀውም። ነገር ግን በ1999 እና በ2000 በተካሄደ የመስክ ጥናት በአገራችን ማሳዎች ተገኝቷል፤ በ1997 ከተለቀቀበት ከሶማሊያ በኩል ራሱ ተስፋፍቶ እንደገባም ይገመታል። ይህን ለማወቅ የተቻለው ተመራማሪዎቹ «ኮቴሲያ ነው» ብለው ሳያቆሙ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ስለ መረመሩ ነው። ሁለቱን ዝርያዎች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለየው በማይክሮስኮፕ የሚታየው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ወይም የዲኤንኤ ምርመራ ነው፤ ሴቶች ብቻ ከተያዙ የሠለጠነ ዓይንም ይቸገራል።

እዚህ ላይ ትሉ ራሱ ይረዳናል። በእርስዎ አካባቢ ባሉ ደጋማና ወይና ደጋ ማሳዎች የሚበዛው አገዳ ቆርቁር ቡሴኦላ ፉስካ ነው፤ የኮቴሲያ ፍላቪፔስ እንቁላሎች ደግሞ በዚህ ትል ሰውነት ውስጥ በመከላከያ ሕዋሳት ተከበው ይሞታሉ። ስለዚህ ትሉ ቡሴኦላ ከነበረ የባልደረባዎ ግምት ሳይሆን ኮቴሲያ ሴሳሚዬ መሆኑ ያመዝናል። ሆኖም ማመዘን ምዝገባ አይሆንም። ኮቴሲያ ሴሳሚዬ ራሱ እንኳ አንድ ወጥ አይደለም፤ በኬንያ ከኪታሌ አካባቢ የተወሰደው በቡሴኦላ ውስጥ በደህና ሲያድግ ከሞምባሳ አካባቢ የተወሰደው ግን አያድግም። ከዚሁ ዝርያ ጋር ተደባልቆ ይቆጠር የነበረ፣ ፊላ በሚበቅልበት ረግረግ የሚኖር ሌላ ተርብም በ2017 ኮቴሲያ ቲፌ ተብሎ ራሱን ችሎ ተሰይሟል።

እንግዲህ ለወረዳው ሲጽፉ «ኮቴሲያ፣ ዝርያው ገና ያልተለየ፣ ከበቆሎ አገዳ ቆርቁር ትል የወጣ» ብለው ይጻፉ። ይህ ጎዶሎ ሪፖርት አይደለም፤ ሊታመን የሚችል ሪፖርት ነው፤ የተሳሳተ የዝርያ ስም ግን አንዴ ከተጻፈ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት እየተገለበጠ ለዓመታት ይኖራል። ተርቦቹን ሁሉ፣ በተለይም ወንዶቹን፣ ከፋርማሲ በሚገኝ 70 በመቶ አልኮል ያስቀምጡ፤ ለዲኤንኤ ምርመራ ግን 95 በመቶ ገደማ የሆነው ይመረጣል። የትሉን ቅሪት፣ በተለይም የራሱን ቅል፣ አይጣሉት፤ የትሉን ዝርያ ለማረጋገጥ የሚያስችለው እሱ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ ሰብሉንና የሰብሳቢውን ስም የያዘ ወረቀት በእርሳስ ጽፈው ይክተቱ፤ የእስክርቢቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ከዚያ በቅርብዎ ወዳለው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም የነፍሳት ባለሙያ ወዳለበት ዩኒቨርሲቲ ይውሰዱት።

እኔ የነፍሳት ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን አርሶ አደሩ የሚፈልገው ተባዩ እንዲጠፋለት እንጂ የተርቡን የላቲን ስም አይደለም። ለስም ይህን ያህል መድከም ምን ፋይዳ አለው? (ከአዲስ አበባ)

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተሻለው መልስም በካሳቫ ላይ በእውነት የደረሰው ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል አንድ ትንሽ መጣጭ ተባይ በኮንጎ አካባቢ በካሳቫ ላይ ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በአፍሪካ ካሳቫ አብቃይ አገሮች ተዛመተ። ካሳቫ ለሚሊዮኖች የዕለት እንጀራ በሆነባቸው አገሮች ማሳው ሲራቆት ረኃብ አንዣበበ። ተባዩ በ1977 ፌናኮከስ ማኒሆቲ ተብሎ ተሰየመ። ካሳቫ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ስለሆነ የተባዩም የተፈጥሮ ጠላት እዚያው እንደሚገኝ ተገመተና ተመራማሪዎች በሰሜናዊው ደቡብ አሜሪካ ፍለጋ ጀመሩ። እዚያም በካሳቫ ላይ ያንኑ የሚመስል ተባይ አገኙ፤ ጥገኛ ተርቦቹንም ሰብስበው ለሙከራ አቀረቡ። ተርቦቹ ግን የአፍሪካውን ተባይ አላጠቁም።

ምክንያቱ የተገለጠው ሁለቱ ተባዮች በጥንቃቄ ሲነጻጸሩ ነው። የአፍሪካው ሮዝ መልክ ያለው ሲሆን ሴቶቹ ያለ ወንድ ይራባሉ፤ በሰሜኑ የተገኘው ቢጫማ ነው፤ ወንዶችም አሉት። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ነበሩ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በኋላ ፌናኮከስ ሄሬኒ ተባለ። ከዚያ ፍለጋው ወደ ደቡብ ዞረና በ1981 እውነተኛው ተባይ በፓራጓይ ተገኘ። በላዩም አናጊረስ ሎፔዚ የተባለች ትንሽ ተርብ ነበረች። ተርቧ በለንደን ኳራንቲን በኩል አልፋ ናይጄሪያ ኢባዳን ወዳለው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ኢንስቲትዩት ተወሰደች፤ በዚያው ዓመትም ማሳ ላይ ተለቀቀች፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ከ20 በሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ተላምዳ ተባዩን ተቆጣጠረችው። ሥራውን የመሩት ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በስሙ ስሕተት ምክንያት ያለፉት ዓመታት ካሳቫ አብቃዩ ቤተሰብ ከፍሎ ያለፋቸው ዓመታት ናቸው። ለአርሶ አደሩ የላቲኑን ስም መንገር ላያስፈልግ ይችላል፤ ተባዩን የሚያጠቃለትን ተርብ የሚመርጠው ባለሙያ ግን ያለዚያ ስም በጭፍን ይሄዳል።

በጅማ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከአሜሪካ ተምች እጮች ካሳደግኋቸው ተርቦች መካከል በኢትዮጵያ ተመዝግቦ ያላገኘሁት አንድ አለ። «ለኢትዮጵያ አዲስ ግኝት» ብዬ ለማሳተም ምን ማሟላት አለብኝ?

በርትተው ይግፉበት፤ አገራችን እንዲህ ያለ ሥራ እጅግ ያስፈልጋታል። በቅርብ የተሠራ ጥሩ ምሳሌም አለ። የአሜሪካ ተምች በ2017 መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታየ በኋላ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተፈጥሮ ጠላቶቹ ፍለጋ ተካሄደ። ውጤቱ በ2018 ሲታተም በኢትዮጵያ ከእጮቹ ላይ በብዛት የተገኘው ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለ ተርብ ነበር፤ በተለያዩ ቦታዎች ከተሰበሰቡት እጮች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት ተጠቅተው ተገኝተዋል። ተርቡ የተሰየመው በዚያው በ2017 ነው፤ ስሙም ናይሮቢ ካለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከኢሲፔ የተወሰደ ነው። ተርቡን ለይቶ የሰየመ ሰው ባይኖር ኖሮ የኢትዮጵያው ናሙና «ያልታወቀ ኮቴሲያ» ተብሎ በሣጥን ውስጥ በቀረ ነበር።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ መጀመሪያ የሚጠየቁት ተርቡ በእርግጥ ከተምቹ መውጣቱን ነው። ብዙ እጮችን በአንድ ዕቃ አሳድገው ከሆነ ውጤቱ አያስተማምንም፤ እያንዳንዱ እጭ ለብቻው በቁጥር በተለየ ዕቃ መያዝ አለበት። ከዚያም የወጣው ተርብ ተምቹን የገደለው ነው ወይስ የገዳዩ ገዳይ? በኮቴሲያ የሐር ሽፋኖች ላይ እንቁላል የሚጥሉ ሌሎች ጥቃቅን ተርቦች አሉ። ለምሳሌ አፋኖግሙስ ፊጂየንሲስ የተባለው በአፍሪካ የአገዳ ቆርቁርን ኮቴሲያዎች የሚያጠቃ ነው። እንዲህ ያለውን ተርብ የተምች ጠላት አድርጎ መመዝገብ ከስሕተትም በላይ ጉዳት ነው፤ አንድ ሰው ይህን አንብቦ ጠቃሚ መስሎት ሊያራባው ይችላልና። ከእጭ የሚወጣ ሁሉ ተርብ እንዳልሆነም ይወቁ፤ ባለ ሁለት ክንፍ ከሆነ ጥገኛ ዝንብ ነው።

መለየቱን ከአስተኔ፣ ማለትም በርካታ ወገኖችን ከሚያጠቃልለው ምድብ፣ ይጀምሩ። ትልልቆቹ ሁለት አስተኔዎች፣ ኢክኒውሞኒዴና ብራኮኒዴ፣ በመልክ ተቀራራቢ ናቸው፤ በፊት ክንፍ ውጨኛ ክፍል ሁለተኛው አግዳሚ ሥር (በክንፉ ላይ የሚታይ መስመር) በአብዛኞቹ ኢክኒውሞኒዶች ሲኖር በብራኮኒዶች የለም፤ የብራኮኒዶች ሆድ ሁለተኛና ሦስተኛ የጀርባ ሳህኖችም አብዛኛውን ጊዜ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ክንፏ ሥር አልባ ሊባል ጥቂት የቀረው፣ አንቴናዋ እንደ ክርን የታጠፈ፣ ብዙ ጊዜም የብረት ፍካት ያላት ተርብ የቻልሲዶይድ ጭፍራ ናት፤ እሷን እስከ ዝርያ ማድረስ ለልዩ ባለሙያ የሚተው ነው። ከወገን በታች ለመሄድ ሲነሱ ወገኑን በሚያጠና ሰው ማስመርመርና ስሙን በጽሑፍዎ ውስጥ ማመስገን ክብርዎን አይቀንስም።

በኢትዮጵያ ከዚህ በፊት መመዝገቡን ማጣራት ከሚገምቱት በላይ አድካሚ ነው። ዝርያዎች ወገን ይቀይራሉ፤ ዛሬ ኮቴሲያ የምንላቸው ብዙዎቹ ዝርያዎች አፓንቴሌስ በተባለው ሰፊ ወገን ውስጥ ነበሩ፤ ያ ወገን የተከፋፈለው በ1981 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የታተሙ ሪፖርቶችን በአሮጌው ስም ካልፈለጉ አያገኟቸውም። ሌላው ወጥመድ የአገራችን ስም ነው። በእንስሳት ሥነ ምድር ከ1858 ጀምሮ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ በሙሉ «የኢትዮጵያ ክልል» ይባል ነበር፤ «አፍሮትሮፒካል» የሚለው ስያሜ እንዲተካው ምክር የቀረበው በ1977 ነው። በ1973 የታተመው የ«ኢትዮጵያ» ኢክኒውሞኒዶች ትልቅ ካታሎግ የሚዘረዝረው የመላውን ክልል ዝርያዎች ነው። እንዲህ ባለ መጽሐፍ «ኢትዮጵያን» የሚል አይተው የአገር ምዝገባ አድርገው እንዳይወስዱት፤ ዝርዝር ቦታውን ይፈልጉ። በኬፕታውን የኢዚኮ ሙዚየም ባለሙያ የሚያዘጋጀው ዋስፕዌብ የተባለው ድረ ገጽና በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተጀመረው የቻልሲዶይዶች የመረጃ ቋት ጥሩ መነሻዎች ናቸው፤ በመጨረሻ ግን ዋናውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው።

ናሙናው በቋሚ ስብስብ ውስጥ ተቀምጦ የመለያ ቁጥሩ በጽሑፉ ውስጥ ካልተጠቀሰ ምዝገባው አላለቀም። በአራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወይም የዩኒቨርሲቲዎ ስብስብ ይሆናል፤ በመደርደሪያዎ ላይ ግን አይተዉት። ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ከዕቃው ጋር የሚጠፋ ናሙና፣ የታተመውን ጽሑፍ ማረጋገጫ የሌለው ወሬ ያደርገዋል።

በመጨረሻም፣ «አዲስ ግኝት» ሲሉ ተርቡ አሁን ገባ ማለትዎ እንዳይመስል ይጠንቀቁ። የአገር ተወላጅ ሆኖ እስከ ዛሬ ያልተፈለገ ሊሆን ይችላል።

በሮም የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከሸዋ የተሰበሰቡ ነፍሳት በጄኖቫ ሙዚየም እንደሚገኙ ሰምቻለሁ። እነዚህ በኢትዮጵያ መዝገብ ይቆጠራሉ?

አዎን፣ ይቆጠራሉ፤ መቆጠርም አለባቸው። በኦራዚዮ አንቲኖሪ የተመራው የጣልያን ጂኦግራፊያዊ ማኅበር ተልእኮ በ1876 ወደ ሸዋ መጥቶ ንጉሥ ምኒልክ በሰጡት በልጥ ማረፊያ፣ አንኮበር አጠገብ፣ ጣቢያ አቋቁሟል። አንቲኖሪ እስከ ሞቱበት እስከ 1882 የተሰበሰቡት ናሙናዎች ወደ ጄኖቫው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተልከው፣ ንብ፣ ተርብና ጉንዳንን የያዘው ክፍለ መደብም በሙዚየሙ መጽሔት በየጊዜው ታትሟል። አንዳንዶቹ የአንድ ዝርያ ስም የቆመባቸው የመጀመሪያ ናሙናዎች ስለሆኑ፣ ዛሬ በአንኮበር የተያዘ ተርብ ያ ዝርያ ነው ለማለት ከእነርሱ ጋር መመሳከር ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚሻው ቦታው ነው። አንቲኖሪ ከሸዋው ጉዞ በፊት፣ በ1870፣ ከሁለት ጣልያናውያን ተመራማሪዎች ጋር በከረን አካባቢ ባለው በቦጎስ ሰብስበዋል። በዚያ ዘመን መለያ ወረቀት ላይ «አቢሲኒያ» ብቻ ተጽፎ ሲገኝ ናሙናው ዛሬ ከኢትዮጵያ ዝርዝር ወይም ከኤርትራ ዝርዝር የሚገባ ሊሆን ይችላልና፣ የሰብሳቢውን የጉዞ ቀን ከቦታው ጋር ሳያመሳክሩ መመደብ አይገባም። እርስዎ ጣልያንኛ ስለሚያውቁ ትልቅ ዕድል አለዎት፤ የጉዞ ማስታወሻዎቹን አንብቦ የቦታ ስሞችን በአማርኛና በኦሮምኛ ትክክለኛ አጠራራቸው ማስተካከል በኢትዮጵያ ያሉ ተመራማሪዎች ሩቅ ሆነው የማይችሉት ሥራ ነው። ለሙዚየሙ ኃላፊዎች ጽፈው ስብስቡን ለመመልከት ፈቃድ ቢጠይቁ መልካም ጅምር ይሆናል።

በሌሊት ወደ በረንዳችን መብራት ቀጭን፣ ብርቱካናማ፣ ረጅም አንቴና ያለው ተርብ ይመጣል። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ልኬያለሁ። ስሙ ምንድን ነው? መመዝገብስ ይቻላል? (ከሐዋሳ)

ኢክኒውሞኒድ ነው። በሌሊት የሚበርሩት ብርቱካናማዎቹ ከበርካታ ወገኖች ናቸው፤ ትልልቅ ዓይኖቻቸውም ለጨለማ የተስማሙ ናቸው። በላኩልን ፎቶ በፊት ክንፉ ላይ ፀጉር የሌለው ንጹሕ ሥፍራና በውስጡ ትንንሽ ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ፤ ይህ የኤኒኮስፒለስ ወገን ምልክት ነው። በአፍሪካ የዚህ ወገን ዝርያዎች ብዙ ስለሆኑ ከወገን በታች በፎቶ ብቻ መሄድ አይቻልም። ሰዎች ያዩትን ሕያው ነገር በፎቶ በሚመዘግቡበት በአይናቹራሊስት ድረ ገጽ ላይ በወገን ስም፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጨምረው ቢጭኑት የሚጠቅም መረጃ ይሆናል። በእጅዎ አይያዙት፤ ከእነዚህ ሌሊት በራሪዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ኔቴሊያ የተባለው ወገን፣ ይወጋሉ።

ዲኤንኤ ሁሉን የሚነግር ከሆነ በማይክሮስኮፕ መድከም ለምን? ናሙናውን ወደ ውጭ ልኮ ማስመርመርስ ሕጋዊ ነው? (ከሐሮማያ)

ዲኤንኤ ታላቅ መሣሪያ ነው። በ2008 የታተመ ጥናት በኮስታ ሪካ ጓናካስቴ ከትሎች ላይ ያደጉ፣ የኮቴሲያ ዘመዶች የሆኑ ተርቦችን መረመረ፤ በመልካቸው 171 ዝርያዎች ተብለው የተመደቡት በዲኤንኤ፣ በአስተናጋጅ ትላቸውና በመልካቸው አንድ ላይ ሲፈተሹ 313 ሆነው ተገኙ። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ የተቻለው እያንዳንዱ ተርብ ከየትኛው ትል፣ ከየትኛው ተክል እንደ ወጣ ተመዝግቦ ስለነበረ ነው። ብቻውን የቆመ፣ ለዝርያ መለያ የሚነበብ 658 ፊደል የዲኤንኤ ቅደም ተከተል በመረጃ ቋት ውስጥ የሚነጻጸርለት ከሌለ ስም አይሰጥም፤ ቋቱ ውስጥ ያለው በተሳሳተ ስም የገባ ከሆነ ደግሞ ስሕተቱን ይደግመዋል። በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ የሚኖረው ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያም የዚህን ዲኤንኤ አወራረስ ስለሚያዛባ ሁለት ዝርያዎችን አንድ፣ አንዱንም ሁለት ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ ዲኤንኤው ከአንድ እግር ብቻ ወይም ገላውን በማያፈርስ ዘዴ ይወሰድና ናሙናው ሙሉውን ይቀመጥ፤ ነገ ጥርጣሬ ቢነሣ ወደ ናሙናው መመለስ ይቻላል።

ስለ መላክ፦ ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን ስለ ማግኘት) እና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ነፍሳትንም ይመለከታል። ናሙና ከአገር ከመውጣቱ በፊት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል። በስምምነቱ ውስጥ ከናሙናዎቹ የተወሰነው ክፍል ተመልሶ እንዲመጣና አዲስ ዝርያ ከተሰየመ የመጀመሪያው ናሙና በኢትዮጵያ ስብስብ እንዲቀመጥ አስቀድሞ እንዲጻፍ አጥብቀን እንመክራለን። ይህን ሳንጽፍ ቀርተን የልጅ ልጆቻችን የአገራቸውን ተርብ ለማየት እንደገና ወደ ውጭ እንዲሄዱ ማድረግ አይገባንም።

በደብረ ታቦር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ጥገኛ ተርቦችን መሰብሰብ እንፈልጋለን። ያለ ብዙ ወጪ እንዴት እንጀምር?

የመረጡት ቦታ እጅግ መልካም ነው፤ በደቡብ ጎንደር ከቀድሞው የአገር በቀል ደን የተረፈው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ያለው ነው፤ በዙሪያው ማሳ ስለሆነም የደኑና የማሳው ተርቦች ጎን ለጎን ሊነጻጸሩ ይችላሉ። በመጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ያስፈቅዱ፤ ምን እንደምትሰበስቡና ለምን እንደሆነ በግልጽ ይንገሯቸው።

ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ስዊድናዊው ረኔ ማሌዝ በ1930ዎቹ የፈለሰፈው ድንኳን መሰል የመረብ ወጥመድ ነው፤ የሚበርረው ነፍሳት መረቡን ሲነካ ወደ ላይ እየወጣ በጫፉ ካለው የአልኮል ጠርሙስ ይገባል። ለትምህርት ቤት ግን ቢጫ የፕላስቲክ ሳህን ይበቃል። ቢጫው ቀለም ብዙ ጥቃቅን ተርቦችን ይስባል፤ ውኃ ሞልታችሁ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ብትጨምሩበት በውኃው ላይ መቆም አይችሉም። በጠዋት አስቀምጣችሁ በማግሥቱ ማለዳ በቀጭን ጨርቅ አጥልሉት፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይበሰብሳል። ከጨርቁ የተገኘውን በለስላሳ ብሩሽ አንሥታችሁ ወደ አልኮል ክተቱ። ጥቂት ሳህኖች ለጥቂት ቀናት መዘርጋታቸው የነፍሳቱን ቁጥር አይጎዳውም፤ ንቦች የሚበዙባቸው አበቦች አጠገብ ግን አታስቀምጡ። የየሳህኑን ምርት አታደባልቁ፤ ከደኑ መሐል፣ ከዳሩና ከማሳው የተገኘው በተለያየ ብልቃጥ፣ እያንዳንዱም በእርሳስ በተጻፈ የራሱ ወረቀት ይቀመጥ።